ከኮምፒዩተሩ በፊት እርሳሱ

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት ሲተርቱ አኒሜሽን፣ ማለት ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ለመማር የሚጓጓ ወጣት አንድ ቀን ይመጣል ብለው እንዳላሰቡ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ተረቱ ከማንም ይልቅ ለዚህ ወጣት የተነገረ ይመስላል። የዛሬው ጽሑፋችንም በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው።

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና አገር ከተማ መሆኗን የማያውቅ አንባቢ የለም። በአዌቱ ወንዝ ዳርም ሆነ በሂርማታ ገበያ አካባቢ ሲዘዋወሩ፣ ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ሦስት አራት ሆነው በአንድ የእጅ ስልክ ላይ አንገታቸውን ደፍተው የካርቱን ፊልም ሲመለከቱ ማየት የተለመደ ነው። ከእነርሱም መካከል፣ «እኛም እንዲህ ያለ ነገር መሥራት እንፈልጋለን» የሚሉ አይጠፉም። «እንግዲያውስ ምን አገዳችሁ?» ተብለው ቢጠየቁ፣ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ኮምፒዩተር የለንም» ይላሉ። በአጋሮም፣ በሊሙ ገነትም፣ በሸቤም ያሉት ወጣቶች የሚሉት ይህንኑ ነው።

እውነት ነው፤ ኮምፒዩተር ውድ ነው። መብራትም አንዳንድ ጊዜ ይጠፋል። ይህን ችግር አቃለን ለመናገር አንፈልግም። ነገር ግን እኛ እንደምናምነው፣ ለአኒሜሽን ተማሪ በመጀመሪያ የሚጎድለው ኮምፒዩተሩ አይደለም። በመጀመሪያ የሚጎድለው ታሪክን በተርታ ሥዕል ነድፎ፣ ገና ፊልም ሳይሆን አይቶ የማረም ትምህርት ነው። ይህንም ባለሙያዎቹ ስቶሪቦርድ ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ የታሪክ ሰሌዳ ብንለው ያስኬዳል። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ላጲስና ወረቀት ነው።

ይህን የምንጽፈው ከሌላ ሰምተን ብቻ አይደለም። ገና ተማሪ ሳለን በሁለት ክረምት ያጠራቀምነውን ገንዘብ አውጥተን አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዛን። ታሪኩን በወረቀት ሳንነድፍ በቀጥታ ወደ ሥራው ገባን። አራት ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት ስንሥል አምሽተን አርባ ሰከንድ የሚቆይ ፊልም አወጣን። አንድ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ ያሳያል ብለን ነበር። መጀመሪያ ያሳየነው ለእናታችን ነው። እርሳቸውም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ቆንጆ ነው ልጄ፤ ነገር ግን ይህ ሰውዬ እየሄደ ነው ወይስ እየተመለሰ?» ብለው ጠየቁን።

ጥያቄው አንጀታችንን ቢቆርጠውም እናታችን ልክ ነበሩ። በመጀመሪያው ትዕይንት ሰውዬው ከግራ ወደ ቀኝ ይራመዳል፤ በሁለተኛው ትዕይንት ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ አድርገን ሥለነው ነበር። የተመልካች ዓይን ይህን ሲያይ ሰውዬው ተመለሰ ብሎ ይፈርዳል። ስሕተቱን ለማረም ከመቶ የሚበልጥ ሥዕል እንደገና መሣል ያስፈልግ ነበርና ጉልበታችን ከዳን፤ ፊልሙም እንዲያው ቀረ። ሁለቱን ትዕይንቶች አስቀድመን በሁለት ትናንሽ ሣጥን ውስጥ ነድፈን ጎን ለጎን ብንሰቅላቸው ኖሮ፣ ያ ስሕተት በአንድ ላጲስ የሚጠፋ ነበር። ቁጭ ብለን የሰቀልነውን ቆመን ማውረድ ያቃተን በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ደግሞ ይበልጥ ይገለጣል። ሲኒማ በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። አኒሜሽን ሠሪዎች ድካም ለመቀነስ ብዙውን ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ያህል ያቆዩታልና፣ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል። በዚህ ሒሳብ አንድ ደቂቃ 720 ሥዕል፣ አምስት ደቂቃ 3,600 ሥዕል ይፈጃል። ያንኑ የአንድ ደቂቃ ታሪክ በሰሌዳ ለመንደፍ ግን እንደ ታሪኩ ዓይነት 20 ወይም 30 ሣጥን ይበቃ ይሆናል። እንግዲህ 30ውን አርሞ ወደ 720 መሄድ ይሻላል ወይስ 720ውን ሠርቶ መጸጸት? ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን።

የቡና አገር ልጅ ይህን ምሥጢር ከማንም በተሻለ ያውቀዋል። ቡና የሚበላሸውም የሚያምረውም ለቀማው ላይ ነው። ቀይ የበሰለውን ትቶ አረንጓዴውን ጭምር የሸመጠጠ ለቃሚ ያመጣውን ጉድለት፣ የማጠቢያው ውኃም፣ የማድረቂያው አልጋም፣ የቆይዋ እጅም መልሶ አያቃናውም። በአኒሜሽንም ስቶሪቦርድ ማለት ለቀማው ነው። ቀለሙና ድምፁ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቆላ ነው።

የዚህ ሥራ አጀማመር በውጭ አገር እንዴት እንደ ነበረ ባጭሩ እንናገር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በዋልት ዲዝኒ የፊልም ማዘጋጃ፣ ታሪክ ነዳፊዎቹ እያንዳንዱን ሐሳብ በልዩ ልዩ ወረቀት እየሣሉ በትልቅ ሰሌዳ ላይ በመርፌ መሰካት ጀመሩ። ሐሳቡን ያመነጨው ዌብ ስሚዝ የተባለው ሠራተኛ ነው ይባላል። በ1933 የወጣው የሦስቱ ትናንሽ አሳሞች ፊልም በዚህ መንገድ ከተነደፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የፈጠራው ብልሃት ሥዕሉ ላይ አልነበረም፤ መርፌው ላይ ነበር። ሥዕሉ በደብተር ላይ ያለ እንደ ሆነ አይነቀልም። በመርፌ የተሰካ እንደ ሆነ ግን ይነቀላል፣ ቦታው ይለወጣል፣ ይጣላል። ሰዎችም በሰሌዳው ፊት ቆመው ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ እያዩ ይከራከሩበታል።

ይሁን እንጂ ታሪክን በተርታ ሣጥን መተረክ ለእኛ እንግዳ ትምህርት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚያሳየውን የታወቀ የሸራ ሥዕል ያላየ ማን አለ? ይህ ሥዕል በብዙ ቅጂዎቹ 44 ትናንሽ ሣጥኖች አሉት። ከዘንዶው ታሪክ ተነሥቶ፣ በንግሥቲቱ ጉዞ አልፎ፣ እስከ ልጇ እስከ ምኒልክ ታሪክ በየተራው ይሄዳል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በጣቱ እየተከተለ ይተርከዋል። ሠዓሊው የቱን ትቶ የቱን መሣል እንዳለበት፣ ንግሥቲቱንም ከሣጥን ወደ ሣጥን በምን ልብስና በምን መልክ ተመልካች እንደሚያውቃት አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት። ይህ አስተሳሰብ ስቶሪቦርድ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የቅዱሳንን ገድል በተርታ የሣሉ አባቶችም ያንኑ ጥበብ የያዙ ነበሩ። በጅማ አካባቢ ደግሞ ማታ ማታ በእሳት ዳር የሚተረተው ኦዱ ዱሪ፣ ማለት የኦሮሞ የጥንት ተረት፣ ገና ያልተሣለ የታሪክ ሰሌዳ ሞልቶ የተረፈበት ጎተራ ነው።

አሁን ወደ አንድ ያየነው ነገር እንለፍ። ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ አጋሮ ሄደን ነበር። እዚያም ሥዕል የሚወዱ ጥቂት ተማሪዎች በአንድ ወዳጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ሲሰበሰቡ አገኘናቸው። ከእነርሱ አንዲቱ ልጅ፣ ቡና ከዛፉ ተነሥቶ እስከ ከተማ እንዴት እንደሚደርስ በስምንት ሣጥን ነድፋ፣ ሥዕሎቹን በሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ አንጠልጥላቸዋለች። ሥዕሏ ያማረ ነው። ከእያንዳንዱም ሣጥን ሥር በአማርኛ አጭር ማስታወሻ ጽፋለች። እኛም አይተን አደነቅን፤ የጎደለ ነገር አላየንበትም።

በዚህ መካከል የቤቱ ባለቤት አባት፣ በቡና እርሻ ያረጁ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ከጓሮ መጡ። የተጻፈውን ቃል ማንበብ አይችሉም፤ የሚናገሩትም ኦሮምኛ ነው። ነገር ግን ሥዕሎቹን ከመጀመሪያው አንሥተው አንድ በአንድ ተመለከቱ። አራተኛው ሣጥን ላይ ቀይ እሸት ቡና በቅርጫት ሞልቶ ይታያል። አምስተኛው ሣጥን ላይ ጆንያ ተሰፍቶ በመኪና ይጫናል። ሽማግሌው በከዘራቸው ጫፍ በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ነኩና አንድ ነገር ተናገሩ። ልጆቹም በሳቅ ፈረሱ። ሲተረጎምልን፣ «ልጄ፣ ቡናው ሳይደርቅ ጆንያ የገባው በምን ተአምር ነው? አልጋው የት አለ? ስንት ሳምንት ስናገላብጠው የከረምነውን ድካማችንን እኮ በላሽው!» ማለታቸው ነው።

ልጅቱ አፈረች። ነገር ግን ወዲያው ወረቀት አወጣችና የማድረቂያውን አልጋ፣ በላዩም የተሰጣውን ቡና፣ ዳመና ሲመጣ ሊሸፍኑት የሚሯሯጡትን ሴቶች ነድፋ፣ መቆንጠጫውን ከፍታ በመካከል ሰቀለችው። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሽማግሌውም ዘጠኙን እንደገና ከዳር እስከ ዳር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዘጠኙ ሁሉ ሕይወት ያለው ሥዕል ያ በኋላ የገባው ሆነ። ዝናብ እንዳይቀድም የሚሮጥ ሰው ያለበት እርሱ ብቻ ነበርና።

ከዚህ ሦስት ትምህርት አገኘን። አንደኛው፣ የታሪክ ሰሌዳ ጥሩነቱ የሚታወቀው በሥዕሉ ውበት ሳይሆን በሣጥንና በሣጥን መካከል ባለው መያያዝ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሥራውን ነገሩን ለሚያውቅ ሰው፣ ቋንቋውን ለማያነብ ሰው ጭምር፣ ማሳየት እንደሚገባ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ግን፣ ከታሪክ ውስጥ አንድ ሣጥን ሲጎድል የሚጎድለው ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሰው ድካም ሊሆን እንደሚችል ነው። ሠዓሊ የዘለለውን ተመልካች እንዳልነበረ ይቆጥረዋል።

ለመለማመድ የሚሻ ወጣት ከየት ይጀምር ቢባል፣ ሩቅ አይሂድ እንላለን። በየቤቱ የሚፈላው ቡና ይበቃዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ የተከፈለው ሥርዓት መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያለው ታሪክ ነው። እንበልና ሁለት የተጣሉ ጎረቤታሞች በአንድ ቡና ላይ ተገናኙ። በአቦል አይተያዩም። በቶና አንዷ ሰርቃ ታያለች። በበረካ አንዷ ስኒ ስታቀብል ሌላይቱ ትቀበላለች። ይህን ታሪክ ያለ አንድ ቃል በዘጠኝ ሣጥን መንደፍ ይሞከር።

ሥራው ሲጀመር ጥያቄዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ቤቱን ሁሉ ከሩቅ የምናሳየው መቼ ነው? የስኒዋንና የጣቶቹን መገናኘት በጣም ቀርበን የምናሳየውስ መቼ ነው? ከመጀመሪያው አንሥቶ ሁሉን በቅርብ ያሳየ ሰው፣ መጨረሻ ላይ የሚያቀርበው ነገር ያጣል። ደግሞም ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ሲቀመጡ በመካከላቸው መስመር እንደ ተሰመረ ይታሰብ። ተመልካቹ ከመስመሩ ወዲህ ሆኖ ማየት ከጀመረ ወዲህ ይቆይ፤ ያለ ምክንያት ወዲያ ከተሻገረ ግን በግራ የነበረችው በቀኝ ትሆንና ማን ማን እንደ ሆነች ይጠፋዋል። የእኛን ስደተኛ ሰውዬ ያበላሸውም የዚህ ሕግ ዘመድ ነው። ሥዕሉ እንጨት በመሰለ ሰው ቢነደፍም ግድ የለም፤ ቀስት አድርጎ እንቅስቃሴውን፣ ከሥሩም ጽፎ ድምፁንና የሚቆይበትን ሰከንድ ማመልከት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹን በእጅ ስልክ አንሥቶ፣ እያንዳንዱን የተባለውን ሰከንድ ያህል አቆይቶ ቢያያይዛቸው፣ ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ርዝመቱንና ፍጥነቱን ማየት ይቻላል።

«ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ነገር ግን ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኛም ለወጣቱ ሁሉ ነገ ሥራ ይጠብቀዋል ብለን የሐሰት ተስፋ አንሰጥም። ሆኖም መንገዱ ጨርሶ የተዘጋ አለመሆኑን የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ፀሐይ የተባለችውን የቀጭኔ አሻንጉሊት ለሕፃናት መምህርት አድርገው፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን አቅርበዋታል፤ በኋላም «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን የልጃገረዶች አኒሜሽን አስከትለዋል። አቶ በስራት ደበበም በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ታሪክ በተርታ ሥዕል በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። ከአፍሪካ ወንድሞቻችንም መካከል የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን ገና በ1966 የእንቁራሪቶችን ፕሬዚዳንት የሚያሳይ አኒሜሽን ሠርቶ ነበር።

በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ለተቀመጡ ወጣት ሹማምንት ደግሞ የሚሻለው ምሳሌ የሕንዱ ሳትያጂት ራይ ነው። ራይ በካልካታ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሠዓሊ ሆኖ ይሠራ ነበር። የመጀመሪያ ፊልሙን ትዕይንቶች በተርታ ሥዕል ነደፈና፣ ሥራውን ሳይለቅ በዕረፍት ቀኖቹ ማንሣት ጀመረ። ገንዘብ እያለቀበት ሲቆም ሲነሣ ቆይቶ ፊልሙ በ1955 ወጣ፤ ስሙም በዓለም ተጠራ። የጃፓኑ አኪራ ኩሮሳዋም በ1980 ለወጣው «ካጌሙሻ» ለተባለው ፊልሙ ገንዘብ የሚሰጠው ባጣ ጊዜ፣ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ፊልሙን ትዕይንት በትዕይንት በቀለም ሣለው። ሁለቱም ገንዘቡ እስኪመጣ በወረቀት ላይ ጠበቁት።

ከዚህም በላይ የታሪክ ሰሌዳ ጥቅሙ ለሲኒማ ብቻ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው መሆኑን እናስታውሳለን። እርሻም ጤናም ለሕዝብ መነገር ያለባቸው ትምህርቶች ናቸው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ከፍኛ፣ ዳውሮኛና የምኛ በሚሰሙበት አገር፣ በስድስት ሣጥን በጥሩ ተርታ የተነደፈ ሥዕል፣ ስድስት ገጽ ከሚሞላ ጽሑፍ ይልቅ ለገበሬው ይናገራል። ቀዩን ብቻ መልቀም ለምን እንደሚበጅ፣ ውኃ እንዴት እንደሚፈላ፣ ሕፃን መቼ እንደሚከተብ የሚያስረዳ ሰው በየወረዳው ያስፈልጋል። ሥዕል የሚችለውን ልጅ ጠርቶ፣ «ይህን በተርታ ንደፍልን፤ ዋጋህንም እንከፍልሃለን» የሚል ሹም ቢገኝ፣ የሁለት ወገን ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። «ዋጋህንም» ያልነው ይሰመርበት። ሥዕል የሚችል ልጅ በነፃ ብቻ የሚታዘዝ ከሆነ፣ የወላጁ ጥርጣሬ እውነት ሆኖ ይቀራል።

ዛሬ ደግሞ በቃል ሲያዝዙት ሥዕል የሚያወጣ መሣሪያ ስለ መጣ፣ «ከእንግዲህ መሣል መማር ለምን?» የሚሉ አሉ። መሣሪያው የታዘዘውን ያወጣል። ነገር ግን በቅርጫቱና በጆንያው መካከል አልጋው መጉደሉን የነገሩን በቡና ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። የታሪኩን ተርታ የማያውቅ አዛዥ፣ ያማረና ያልተያያዘ ሥዕል በብዛት ያገኛል እንጂ ሌላ አያተርፍም። እንዲያውም ሥዕል በረከሰበት ዘመን የሚወደደው ተርታውን የሚያውቅ ሰው ነው።

በሥዕል ሠልጥኖ መመረቅ ለሚሻ፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ አለ። ነገር ግን ከአጋሮና ከሊሙ ልጅ ሁሉ እዚያ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። የቀረው እስኪደርስ ምን ያድርግ? አሳባችን ቀላል ነው። በየከተማው ያለ ትምህርት ቤት ወይም የወጣቶች ማእከል በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ክፍል ይስጥ። ግድግዳው ላይ ሲባጎ ይወጠር፤ የልብስ መቆንጠጫና በአንድ ወገን የተጻፈበት የመሥሪያ ቤት ወረቀት ይቅረብ። በየወሩ አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ተጠርተው፣ ሥዕሎቹን ከዳር እስከ ዳር አይተው የገባቸውንና ያልገባቸውን ይንገሩ። ለዚህ የሚያስፈልገው በጀት ለአንድ ስብሰባ ከሚወጣው የሻይና የውኃ ወጪ የሚበልጥ አይመስለንም።

ወጣት ተማሪዎች ሆይ፣ ኮምፒዩተሩ ሲገኝ ደግ ነው፤ ይገኝም ዘንድ እንመኛለን። ነገር ግን በሚገኝበት ቀን ባዶ እጃችሁን አያግኛችሁ። እኛ ኮምፒዩተሩ ነበረን፤ ታሪኩ ግን አልተነደፈም ነበርና አራት ወራችን እንዲሁ ቀረ። የአጋሮዋ ልጅ ኮምፒዩተር የላትም፤ ዘጠኝ ሣጥን ግን አላት። ከሁለታችን ወደ ፊልም የቀረበችው እርስዋ ናት።

እኛም ከአጋሮ ከተመለስን ወዲህ ያንን ስደተኛ ሰውዬ ከተኛበት አንሥተን፣ በወረቀት እንደ አዲስ መንደፍ ጀምረናል። እስከ ዛሬ 14 ሣጥን ደርሰናል። ሲያልቅ መጀመሪያ የምናሳየው፣ ማን እንደ ሆነ አንባቢ ሳይገምተው አይቀርም።